ጎማ ያለው ቤት ሲመረግ

ቤት ሲባል መሬት ላይ የሚቆም ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ ቤት ግን ጎማ ነበረው። ጊዜው የደርግ ነው። ባለቤቴ በሮቤና በጎባ መካከል መንገድ በሚሠራ ካምፕ ግሬደር ይነዳ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ካራቫን የሚሉት ተጎታች የቆርቆሮ ቤት ተሰጠን። እሱንም ለብቻችን አላገኘነውም። መሐሉን በኮምፔንሳቶ ከፍለው የፊቱን ለእኛ፣ የኋላውን ለካምፑ ዘበኛና ለሚስቱ ሰጡ። ሚስቲቱ የአጋርፋ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

ቆርቆሮ ለባሌ ብርድ ምን ይሆነዋል? ሌሊት ውርጩ ይወርዳል፣ ጠዋት ግድግዳው በውስጥ በኩል ያለቅሳል፣ ብርድ ልብሱ ይረጥባል። ጎረቤቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ ታደርግና፣ "ማሎ፣ እህቴ! ይህ ልጅ እዚህ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው?" ትለኛለች።

"እንመርገዋለን" አልኳት።

"ምኑን?"

"ግድግዳውን ነዋ! እናቶቻችን ብርዱን በምን ቻሉት?"

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሻዩ ትን አለው። "አንቺ ሴትዮ፣ ጎማ ያለው ቤት ሲመረግ የት አይተሻል? ነገ ደግሞ ግሬደሬን ሣር ክደኚልኝ!"

"ሣሩን ተሸክመህ ካመጣህ እከድንልሃለሁ" አልኩት።

ቆርቆሮ ጭቃ እንደማይዝ መቼም አይጠፋኝም። ስለዚህ አሮጌ ጆንያ ቀድደን ግድግዳው ላይ መታን፤ ጆንያው እንዳይተረተር ከየሚስማሩ ራስ ስር ቆርኪ አደረግንበት። ቀይ አፈር፣ እበትና የገብስ ጭድ አመጣሁ። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "ጭድ አነሰው፣ ውሃ በዛበት" እያለች ታዘኛለች። ቀድሜ የእሷን ወገን መረግሁ፣ ከዚያ የእኔን። የእኔ ከእሷ እንዳይወፍር ጣቴን እየሰካሁ ለካሁ። እኩል ያልሆነ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። በመጨረሻ በነጭ አፈር ስንለቀልቀው ቤቱ ሙሽራ መሰለ።

የካምፑ አለቃ ወሬውን ሰምቶ መጣ። "ጓዲት፣ የመንግሥት ንብረት በእበት?"

"ጓድ፣ በየስብሰባው እኩልነት ሲሉ እሰማለሁ። እርስዎ በግንብ ቤት እኛ በቆርቆሮ፣ እኩልነቱ የቱ ጋ ነው?"

ግድግዳውን በእጁ ነካ፣ ሙቀቱን አዳመጠና ወጣ።

ብዙም ሳንቆይ ካምፑ ወደ ጎባ ይዛወር ተባለ። ነፍሰ ጡሯን ከጭነት መኪናው ሹፌር ጎን አስቀመጥናት። እኔ ግን ካራቫኑ ውስጥ ቀረሁ። ጅራት ከራስ ይልቅ እንደሚወዛወዝ ስለማውቅ፣ በኋላው ክፍል ገብቼ የእሷን ግድግዳ በጀርባዬ ደገፍኩ። መኪናው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ ጓሉ ራሴ ላይ ወረደ። ሁለተኛውን ሲመታ የቀረው ተከተለ።

ጎባ ደርሰን በሩ ሲከፈት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ባለቤቴ፣ "ግድግዳው ወዴት ሄደ ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ አንቺ ላይ ተመርጓል!" አለ።

ከፀጉሬ ጭድ እየነቀልኩ፣ "ጥፋቱ የጭቃው አይደለም፣ የመንገዱ ነው። መንገዱን ማን ሠራው?" አልኩት።

ሳቁ ዞሮ እሱ ላይ ሆነ።

የፊቱ ወገን፣ የእኛው፣ ትንሽ ከመሰንጠቁ በቀር እንደ ቆመ ነበር። ፍራሼን ጠቅልዬ ወደ ኋላ መጎተት ጀመርኩ።

"ምን ልትሆኚ ነው? የቆመው እኮ የእኛ ግድግዳ ነው!" አለ ባለቤቴ።

"የቆመው እኛ ስለበለጥን ነው? ፊቱ ስለደረሰን ነው። ስትወልድ ሕፃኑን ቆርቆሮ ላይ ታስጠጋው?"

ጎረቤቴ በሩ ላይ ተገትራ፣ "ወላሂ አይሆንም!" ብላ ፍራሹን በአንድ ጫፍ ያዘች። እኔ ወደዚህ፣ እሷ ወደዚያ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። "እኔ የሰጠሁት ለልጁ ነው። እሱ እምቢ ይበልና ልስማ።"

ሳቅ አሸነፋትና ፍራሹን ለቀቀች።

ሴት ልጅ ወለደች፤ የሞቀው ግድግዳ ስር፣ አልሐምዱሊላህ እያለች። ባለቤቴ በኋላው ክፍል ካፖርቱን እንደ ለበሰ ይተኛል። "እኩልነትሽ አጥንቴ ገባ" ይለኛል፤ እኔም "እሰይ" ብዬ እገለበጣለሁ።

አራስነቷን እንደ ጨረሰች እንደገና ተነሡ ተባለ፤ አሁን ከጎባ በላይ፣ ዳገቱን። ሕፃኗ ያለ ግድግዳ ልትቀር ነው አልኩ። የዚያን ቀን ጠዋት ስወጣ ግሬደሩ ከቦታው የለም። መኪናው ካራቫኑን መጎተት ሲጀምር አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ባለቤቴ ከፊት ከፊታችን እንደ እርሻ በሬ እያዘገመ መንገዱን ይልጋል፣ ጉድጓዱን ይሞላል። ሕፃኗ እናቷ እቅፍ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ተኛች። ከግድግዳው አንድ ጓል አልወደቀም።

ማታ፣ "ማን አዘዘህ?" አልኩት።

"መንገዱ ሥራ ይቀረው ነበር" አለና ፊቱን አዞረ።

"እሺ፣ ጎማ ያለው ቤት ይመረጋል አይመረግም?"

በማግስቱ ለኋላው ክፍል የሚሆን ጭድ ተሸክሞ መጣ።