አባቴ የፎከረ ዕለት

ባለፈው እሁድ አያት አካባቢ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በገንዘብ የመጣው ፎካሪ ማይክ ጨብጦ «ዘራፍ!» ሲል የአዳራሹ መስታወት ተርገፈገፈ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። የእኔን መዳፍ ግን ላብ አጠመቀው። አትሳቅ፤ ምክንያት አለኝ።

አባቴ በልጅነቱ ተሸጦ የመጣ ባሪያ ነበር። ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሳውም ነበር፤ እኔ አሁን አርጅቻለሁ፣ እናገረዋለሁ። ጣሊያን የገባ ጊዜ ጌታው «በልጄ ፈንታ ዝመት፤ በሕይወት ከተመለስክ ነፃ ነህ» አሉት። ዘመተ። እግሩን ተመትቶ እያነከሰ ተመለሰ። ጌታው ግን ነፃ መውጣቱን አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አልተናገሩለትም። እዚያው የካ ተራራ ሥር፣ ከግቢያቸው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል፣ እኛን ወልዶ በዘበኝነት ኖረ።

ጌታው ሲሞቱ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በቀብሩ ዋዜማ ልጃቸው፣ ያ አባቴ የዘመተለት፣ ጓሮ ድረስ መጣ።

«ነገ የአባባን ጠመንጃ ይዘህ ትፎክራለህ። ስማቸውን ጠርተህ፣ አሽከራቸው ነኝ ብለህ። እምቢ ካልክ ክፍሏን ለሌላ ዘበኛ እንፈልጋታለን።»

ያኔ ፎካሪ የማን ልጅ ወይም የማን አሽከር እንደሆነ ሳይጠራ አይፎክርም። ሰውዬው ሲሄድ እናቴ «አሽከራቸው ነኝ በል እንጂ! አንድ ቃል አይደል? ልጆቹን የት ልትጥላቸው ነው?» አለች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝናብ የመታው ጋቢ ይሸት ነበር። አልቃሾቹ ዝም ሲሉ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ እያነከሰ ወደ መሀል ወጣ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዘራፍ!»

ድምፁ እንዲያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ቆም አለ። የጌታው ልጅ ቀጥል እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

«ዘራፍ! የእናቴ ልጅ!»

ለቀስተኛው አጉረመረመ።

«ከጉያዋ የነጠቁኝ! ለነፃነቴ የዘመትኩ! የእናቴ ልጅ!»

ጠመንጃውን የጌታው ልጅ እግር ሥር አጋድሞ በመሀላችን አልፎ ወጣ። ፈራሁ፤ ደግሞም ኮራሁ።

በነጋታው ዕቃችንን ተሸክመን ጉርድ ሾላ ወረድን። ያኔ ገጠር ነበር፤ የጭቃ ቤት ተከራየን። እናቴ ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። አመሻሽ ላይ የተመታ እግሩን በሞቀ ውሃ ስታሽለት ግን አላስቻላትም።

«ከፎከርክ አይቀር የእናትህን ስም ብትጠራውስ? ለእኔ እንኳ ነግረኸኝ አታውቅም።»



«አላውቀውማ» አለ አባቴ። «ሲወስዱኝ ትንሽ ነበርኩ። እማ ብቻ ነበር የምላት።»

እናቴ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላም እግሩን ከእጇ አልለቀቀችውም።