ሰፈር የመከረበት የድረ ገጽ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሶፋ አዳሿን የድረ ገጽ ስም ለማውጣት የተሰበሰበው ግን መልአክ ሳይሆን ሰፈር ነበር፤ መዘዙም ከዚያው ጀመረ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሴትዮዋ ከድልድዩ አጠገብ ከተደረደሩት የቆርቆሮ በር ሱቆች በአንዷ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሶፋ አድሳለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ስፖንጁ እስከ ጣራ ተቆልሏል፤ ጨርቁ የተገፈፈ ሶፋ እንጨቱንና ስፕሪንጉን አውጥቶ መሐል ላይ ይገተራል፤ ደንበኛ በጎኑ ካልሆነ አይገባም። ሥራ ላይ ስትሆን ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሯ ስለምትይዝ ሰላምታ የምትመልሰው በቅንድቧ ነው። የማያውቃት ሁሉ "ዝምተኛ ናት" ይላታል። ወይ አለማወቅ! ሚስማሩን ስትተፋው የሰማ እንዲህ አይልም።

ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋትም እሱ ነው፤ "ወንድም ጋሼ" ትለዋለች። ከስምንት ዓመት በፊት ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ቤቱ ተቀመጠና ሱቁን ለእሷ ተወላት። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፤ ቁልፉን ሰጣት፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሶፋ በጨረሰች ቁጥር ፎቶ አንስታ ትልክለታለች። እሱም ስልኩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ያይና ወይ "ማዕዘኑ ላላ ብሏል" ወይ "ይሁን" ይላታል። "ይሁን" ካላት ያን ቀን ምሳዋን እንኳ ትረሳለች።

አንድ ቀን የሱቆቹ ባለቤት መጥቶ ረድፉ ሊፈርስ ነውና በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ልቀቁ አላቸው። ሮጣ ሮጣ ያገኘችው ክፍል ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው፤ ሦስት ቦታ ታጥፈው የሚደርሱበት፣ ከመንገድ የማይታይ። ደንበኞቿ ደግሞ የሚያውቋት "የድልድዩ ሶፋ" ብለው ነው። ድልድዩን ስትለቅ ማን ይፈልጋታል? ማንስ ያገኛታል? በሃምሳ ዓመቷ እንደ አዲስ ጀማሪ ሰው ስትጠብቅ መዋል ታያት፤ ፈራች።

መላውን ያመጣችው ልጇ ናት። ልጅቱ ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ይገባታል። "እማዬ፣ ድረ ገጽ እንክፈትልሽ" አለቻት። "ሰው ስልኩ ላይ ስምሽን ይጽፍና ሥራሽንም፣ አዲሱን ቦታሽንም እዚያው ያያል። ስሙ ግን አጭር ይሁን፣ ቁጥር ምናምን አይግባበት፣ በስልክ አንዴ ሲነገር የሚያዝ ይሁን። ደግሞ ቀድሞ ያስመዘገበ ነው የሚወስደው። ከተወሰደ ተወሰደ ነው።"

"የድልድዩ ሶፋ ነዋ! ሌላ ምን ስም አለኝ?"

"ድልድዩን ለቀሽ እየሄድሽ?"

"ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ነው።"

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና "እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። "በይ አሁኑኑ ላስመዝግበው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

እናት ሆዬ ግን "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብላ እጇን ያዘቻት። በእነሱ ቤት ሰው ሳይማከር ነገር አይደረግም። አልጋ ሲገዛ ይማከራሉ፤ ጥርስ ሲነቀል እንኳ ዘመድ አዝማድ ተጠይቆ ነው። ስለዚህ ስሙን ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፈችና ሰፈሩን ልታዳርስ ተነሳች።

ስፖንጅ ነጋዴው ካርቶኑን አርቆ አቅርቦ አየና "ምን ነው አጠረ?" አላት። "'ድርጅት' የሌለበት ስም ምኑ ስም ነው! 'ጠቅላላ የሶፋ፣ የወንበርና የፍራሽ እድሳት ድርጅት' በይው።" ልጅቱ ይህን ስትሰማ "እሱን ጽፎ እስኪጨርስ ሰውዬው ሌላ ሶፋ ይገዛል" አለች። ፀጉር ቆራጩ ሱቁ የተከፈተበት ዓመት ይጨመርበት አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ስሙን ወደደችው፤ በማግስቱ ደግሞ አስባበት አልወደደችውም። እንዲህ ሲባል አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ልጅቱ በየቀኑ "ዛሬስ?" ትላለች፤ እናትየው "ጨርቅ ነጋዴዋን አልጠየቅኋትም" ትላለች።

ወንድሟን ለመጨረሻ አቆየችው። ጣፋጭ ነገር ለመጨረሻ እንደሚቆየው መሆኑ ነው፤ ደስ እንደሚለው እርግጠኛ ነበረች። ሄዳም አጠገቡ ተቀምጣ "ወንድም ጋሼ፣ የድረ ገጹን ስም 'የድልድዩ ሶፋ' ልለው ነው። ያምራል?" አለችው። ትልቁ ልጁ እዚያው ወንበር ላይ ስልኩን እየነካካ ነበር። ወንድሟ እጁን ጉልበቱ ላይ አመላለሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ "ያምራል" አለ። እሷም ደስ ብሏት ሄደች። መጋረጃ ሰፊዋ ሦስተኛ ሐሳብ መጥቶላት ስለነበር እሱን ልትሰማ ደግሞ አራት ቀን ጠፋባት።

ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ሱቁ ውስጥ በተገፈፈው ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ስሙን ጻፈችና ፊቷ ተለወጠ።

"ተወስዷል።"

"እንዴት ይወሰዳል? የኔ ስም አይደለም እንዴ?"

ከፈቱት። ላዩ ላይ "የድልድዩ ሶፋ፤ ከመሥራቹ" ይላል። ከሥሩ ፎቶዎች አሉ። የመጀመሪያው አረንጓዴ ሶፋ ነው፤ ለአንድ ጥርስ ሐኪም የሠራችው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በእጇ የሰፋችው። ሁለተኛው የራሷ ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ከአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የራሷ ጫማ ይታያል።

"እማዬ፣ እነዚህን ፎቶዎች ለማን ነበር የምትልኪው?" አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። ለማን እንደምትልክ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወንድሟ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ኮቴዋን ለይቶ "መጣሽ?" አላት።

"ወንድም ጋሼ፣ ስሜን ወሰድከው?"

"የራሴን ስም ነው የወሰድኩት" አላት ሳይቆጣ። "ድልድዩ ጋ ሸራ ወጥሬ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያኔ ደብተር ይዘሽ ትምህርት ቤት ትመላለሺ ነበር። 'የድልድዩ ሶፋ' ሲባል መጀመሪያ ዞር ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ? ያምራል ወይ አልሽኝ። ያምራል አልኩሽ። 'ያንተ ነው፣ ልውሰደው ወይ?' ብለሽኛል? ስፖንጅ ነጋዴውን ጠየቅሽ፣ ፀጉር ቆራጩን ጠየቅሽ፣ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሰሽ ስትጨርሺ ወደኔ መጣሽ። እኔ ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ሞቻለሁ እንዴ?"

ይሄኛው ወጋት፤ እውነት ነዋ። ያን ሁሉ ሰው ስታማክር ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በደጇም አላለፈም። ግን የሷስ? ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ያን ስም ያቆመችው ማን ሆነችና?

"እሺ፣ ፎቶዎቹስ?" አለች። "እነዚያን ሶፋዎች የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"እጅሽንስ ማን ሠራው?"

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። እሱም ማስከፋቱ ገባው መሰለኝ ድምፁን አለዘበ። "ልጄ ሱቅ ሊከፍት ነው። ነይና ከእሱ ጋር ሥሪ። ከቤት አልወጣሽ፣ ምን ጎደለብሽ?" አላት።

ልጁ ስፕሪንግ ከሽቦ አይለይም! ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ የዚያ ልጅ ተቀጣሪ ልትሆን። እንደ አባት የምታየው ሰው ባይሆን ኖሮ የምትለውን ታውቅ ነበር። "አስብበታለሁ" ብላ ወጣች፤ መንገድ ላይ እየሄደች አለቀሰች፤ ሰው እንዳያያትም አልተሸሸገች።

ልጅቱ ሱቅ ውስጥ ስትንጎራደድ ጠበቀቻት። "ፎቶዎቹ ያንቺ ናቸው! አጎቴን እንክሰሰው!"

"አጎትሽ ነው።"

"እና ዝም ልንል ነው?"

"ሌላ ስም አምጪ።"

ልጅቱ ተቀመጠች። አንድ ሁለት ስም ሞከረች፤ ተይዘዋል። ሦስተኛው "ዳግም ሶፋ" ነው። አጭር ነው፣ ከቦታ ጋር አልተጣበቀም፣ በስልክ አንዴ ሲነገር ይያዛል፣ ማንም አልወሰደውም። ቀና ብላ "ማንን እንጠይቅ?" አለች፤ ግማሹ ንዴት፣ ግማሹ ፌዝ ነው።

"ማንንም። መዝግቢው።"

እውነትም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ችግሩ ግን "ዳግም ሶፋ" የሚባል ነገር እንዳለ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ፍጡር የለም። ለደንበኞቿ አንድ በአንድ መደወል አለባት። የደንበኞቿ ስልክ ቁጥር በጠመኔ ከመስፊያ መኪናዋ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ አርባ ይሆናል፤ ግድግዳው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ አይኖርም። ልጅቱ ስታነብላት መጀመሪያ የደወለችው ለጡረተኛዋ ነርስ ነው። ሦስት ጊዜ ሶፋ ያደሰችላቸው፣ ስትታመም መጥተው የጠየቋት ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሶፋ አዳሿ። ቦታ ልቀይር ነው፤ ስሜም ዳግም ሶፋ ሆኗል።"

"ምነው የኔ ልጅ? ወንድምሽ እኮ ትናንት ራሱ ደውሎልኝ ነበር። 'የድልድዩ ሶፋ ልጄ ጋ ተዛውሯል' አለኝ። አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?"

መዋሸት ትችል ነበር። "አብረን ነን" ብትል ግን ሴትዮዋ ወደዚያኛው ሱቅ ይሄዳሉ።

"አይደለንም" አለች።

"ተጣላችሁ እንዴ?"

"ተለያይተናል፣ እትዬ።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው እውነት መሆኑን ያወቀችው።

ነርሷ በሐዘኔታ፣ ያለ ክፋት፣ "እንግዲህ እኔ በእህትና በወንድም መሐል አልገባም፣ የኔ ልጅ። ስትታረቁ ደውይልኝ" ብለው ዘጉ።

ልጅቱ ከግድግዳው ዞር ብላ እናቷን አየቻት። "ለዛሬ ይብቃን፣ እማዬ። ተነሺ።"

እናትየው በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች "የሚቀጥለውን ቁጥር አንብቢልኝ" አለች።