የባዝራዋ ጊደር

የዚያን ዕለት ጠዋት ወተት እየናጥኩ ነበር። የእንጅባራ ብርድ ነው፤ ቅሉን ብንጠው ብንጠው ቅቤው አልሰበሰብ አለኝ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ መጥተው በር ላይ ቆሙና ለቅሉ ነገሩት።

"አንተ ቅል፣ ጭቃ ሹሙ አንድ ፈረንጅ ልኮብናል። ተራራውን ምሩኝ ይላል። ስንቅ ይቋጠርልን" አሉት።

ቅል ምን ይመልሳል? እኔው መለስኩ፣ ለቅሉ። "በሶም አለ፣ ቆሎም አለ በላቸው።"

አትሳቂ ልጄ፣ የምነግርሽን ጻፊ። ያኔ በኛ ቤት አዲስ ምራት ካማቷ ጋር አትነጋገርም። አማትየው ጊደር ሰጥቶ "በይ አፍሽን ክፈቺ" እስኪል ዝም ነው። ቸኩላ ቀድማ ያናገረችው እንደሆነ ጊደሯ ቀረች። እስከዚያው ድመት ካለ በድመት፣ ድመት ከሌለ በምሰሶ ማውራት ነው። የኔ አማት ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና ቆጥቋጣ ቢጤ ነበሩ። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገብቷል፣ እሳቸው ዝም። አንዲት ቦቃ ጊደር ነበረቻቸው፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ በሕልሜ ሁሉ ይመጣብኛል።

አማቴ ያን ተራራ እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ከብት ሲጠፋ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ "እሳቸውን ጥሩ" ነው የሚባል። ዳሩ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጀምሯቸዋል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እኔ ግን አንድ ቀን የጭድ ክምር ፊት ቆመው "እንደምን አደርክ?" ሲሉ አይቻለሁ። ክምሩ ዝም ሲላቸው ተቀይመው አለፉ።

ባሌ እህል ሊገዛ ጫግኒ ወርዶ ነበርና ባዝራዋን፣ ያችን ዳማ ሴት ፈረሳችንን፣ የሚስብ ጠፋ። እኔ ሳብኩ። የተወለድኩት እዚያው ተራራ ሥር ስለሆነ ቀርቀሃ ስሸከምበት ያደግሁበት መንገድ ነው።

ፈረንጁ ከዳንግላ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ረጅም፣ ቀይ፣ በዚያ ብርድ ጉልበቱን የተራቆተ። "ምስኪን፣ ጨርቁ አልበቃውም" አልኳት ባዝራዋን። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። የገበያውን መንገድ አልፈልግም፣ ሰው የማይበዛበት ጭር ያለው ይሻለኛል አለ። አማቴን ደስ አላቸው፤ ዱላቸውን ይዘው ፊት ፊት።

የቀርቀሃው ጫካ ጋ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አማቴ በግራ ገቡ። የግራው ጫካ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው። ምን ላድርግ?

"አንቺ ባዝራ፣ ወዴት ነሽ? መንገዱ በቀኝ አይደለም እንዴ?" አልኳት፣ በአገውኛ፣ ጮክ ብዬ።

አማቴ ቆሙ። ሳል ሳል አሉና "ባዝራዬ ልክ ነሽ። አንቺን ልፈትንሽ ብዬ ነው" ብለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እንደዚያው ሆነ። ድንጋይ ሲመጣ ለባዝራዋ፣ ጭቃ ሲመጣ ለባዝራዋ። ፈረንጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ባዝራዋን ያያል። በኋላ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ "ፈረስ፣ ውሃ የት ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"ተዋት፣ አማርኛ አልለመደችም" አሉት አማቴ።

ጅባራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ የበቀለበት ሜዳ ላይ ስንቅ ፈታን። አማቴ በሶውን ቀመሱና ሰማይ ሰማይ እያዩ "ወይ በሶ! ጨው የሚባል አልነካውም። ሙያ የሌላት እጅ ያሸችው ነው" አሉ። ገብቶኛል፤ ተናድጄ አፌን እንድከፍት ነው። ጊደሯ እንድትቀርላቸው!

"ባዝራዬ፣ ሁለተኛ ጉርሻ አንስተዋል፤ ጨው ከሌለው ለምን ይበሉታል?" አልኩ። አማቴ በጋቢያቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ፈረንጁ ሐይቁን አሳዩኝ አለ። አማቴ ዱላቸውን ቀስረው "ያውልህ ዘንገና!" አሉት። የቀሰሩት ወደ ሰው የበግ ጉረኖ ነው። የባዝራዋን አንገት ይዤ ወደ ኋላ አዞርኩና "ዘንገና በዚህ ነው፣ የኔ እመቤት" አልኳት። አማቴም ከነዱላቸው አብረው ዞሩ።

ስንመለስ ጉሙ ተነሣ። ፈረንጁ እግሩ ተልጦ ባዝራዋ ላይ ወጥቷል፣ አማቴ ግን ፊት ፊት ይሄዳሉ። አንድ ቦታ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። እሳቸው አልታጠፉም።

"አንቺ ባዝራ፣ ቁሚ!" ብዬ ጮህኩ።

ባዝራዋ ቀጥ አለች፤ ፈረንጁ አንገቷ ላይ ተደፋ። አማቴ የእውነት ለባዝራዋ መስሏቸው "ጎሽ ባዝራዬ፣ ቀጥ በይ፣ ልጁን እንዳትጥይው" እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ ጊደሯ በዓይኔ መጣች፣ ከነቦቃዋ። ከዚያ ደግሞ ዱላቸው ባየር ላይ ሲዳስስ አየሁ።

"አባባ! ገደል ነው! ይቁሙ!"

ቆሙ። ከእግራቸው ሥር አንድ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ሲያርፍ አልሰማነውም።

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ መጡና የባዝራዋን ጋማ ዳሰሱ። "ባዝራዬ፣ ድምፅሽ እንዲህ ያምራል ለካ" አሉ። ጭራዋን ይዘው፣ እኔ እየሳብኩ፣ ፈረንጁ እላይ ተቀምጦ ቤት ገባን። ጊደሯማ ቀረች እያልኩ ነው የምሄድ። እንዳልከራከራቸው፣ ለምን ጮህሽ ቢባል የዓይናቸው ነገር ሊወጣ ነው። ያን ደግሞ አላደርገውም።

በማግስቱ ፈረንጁን ሸኝተን ስንመለስ ጭቃ ሹሙ ደጃችን መጣ፤ ጎረቤቱም ተሰብስቧል። "እንዴት መራኸው?" አላቸው።

"እኔ ምን መራሁት፤ ባዝራዋ ናት የመራችን" አሉ አማቴ። "እንዲያውም ያችን ቦቃ ጊደር ለባዝራዋ ሰጥቻታለሁ። ፈረስ ግን ከብት ማለብ አትችልም፤ ምራቴ ትያዝላት።"

ሰው ሁሉ አረጁ መሰለኝ ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ጎረቤቴ፣ እሷም የሰው ምራት ናት፣ እንስራዋን አወረደችና አፈጠጠችብኝ።

"አንቺዬ፣ እኔ ለአማቴ ሦስት ክረምት ዝም ብዬ ያገኘሁት አንዲት ዶሮ ነው፤ እሷም አትጥልም። ያችን ለፍላፊ ባዝራሽን እስቲ ለአንድ ቀን አውሺኝ" አለችኝ።