ያለ ወይራ ጢስ ሥር የያዘው ጽጌረዳ

ሰቆጣ ውስጥ እትዬ ለተጊዮርጊስን የማያውቅ ሰው ቢኖር ወተት የማይጠጣ ብቻ ነበር። ከጋዝጊብላ ተድረው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ አማርኛቸውን በኽምጣንጋ ቋንቋ ዜማ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ቅላቸውን በወይራ ጢስ ሳያጥኑ ጠብታ ወተት አያስገቡበትም፤ ወተታቸውም ቶሎ አይበላሽም እየተባለ ይመሰገን ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የመንገድ ሠራተኞች መጥተው አጥራቸውን ቀይ ቀለም ቀቡት። መንገዱ በጥቅምት ሲሰፋ አጥሩ ሊፈርስ ነው። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ባለቤታቸው አቶ ገብረ ሊባኖስ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከኮረም በእግራቸው ተሸክመው ያመጡት ጽጌረዳ አለ። ግንዱ አርጅቷልና ቢነቀል አይተርፍም። ቅርንጫፉንም እትዬ እየቆረጡ ስንቴ ተክለውት ነበር፤ ሥር ሳያወጣ ይጠቁራል።

ጎረቤታቸው ዓለምብርሃን የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ነበርና አንድ ጠርሙስ ድፍርስ ውሃ አመጣላቸው።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ከአፈር የተገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት። በውሃ በጥብጠው የቁራጩን ጫፍ ይንከሩበትና ይትከሉት። ሥር እንዲያወጣ ይረዱታል።»

«እናቴ ላምና ፍየል አረባች። እኔ ደግሞ ትል ላርባ?»

«ትል አይደሉም፣ እትዬ! መኖም አይጠይቁዎትም።»

ግማሹን በጥብጠው ሃያ ቁራጭ ተከሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያውም ጠቆረ።

«ሰነፍ ናቸው ያንተዎቹ» አሉት።

«በምን በጠበጧቸው?»

«በቅል ነዋ! እንግዳ ናቸው ብዬ እንዲያውም ሁለት ጊዜ አጠንኩላቸው።»

ዓለምብርሃን ግንባሩን ያዘ። «እትዬ፣ ጢሱ እኮ ወተትዎን የሚጠብቀው እነዚህን የመሳሰሉትን እየገደለ ነው!»

እትዬ፣ «ጋብዤ ፈጀኋቸዋ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከጽጌረዳው ለቁራጭ የሚሆን የቀረው ስምንት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ባልታጠነ የፕላስቲክ ጆግ በጠበጡት። ልባቸው ግን አላመነም፤ ጆጉን ሦስት ጊዜ አሽትተውታል። ስምንቱን ከጓሮ፣ ጥላ ሥር፣ አሸዋ በተቀላቀለ አፈር ተከሉ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ወተት ልንገዛ ስንሄድ እንኳ «ወዲያ በኩል እንዳትረግጡ!» ይሉን ነበር።

ጳጉሜን ሲገባ ዓለምብርሃን አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። አልነቀል አለ።

«ይዟል፣ እትዬ!»

«ከያዘ ምን ትጎትተዋለህ?» ብለው እጁን መቱት።

ከስምንቱ አምስቱ ጸደቁ። በጥቅምት አጥሩ ፈረሰ፣ አሮጌው ጽጌረዳም ተቆፍሮ ወጣ። ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች እትዬን ያገኟቸው ከጓሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ችግኞቹን ወደ አዲሱ አጥር ጥግ ሲያዛውሩ ነው።

«ለልቅሶ ከሆነ የመጣችሁት ተመለሱ» አሉ ቀና ብለው። «ለሥራ ከሆነ ግን ዶማው ያውና፤ ሁለት ጉድጓድ ይቀረኛል።»