ከመቃብር ምስክር የሚጠራው ቢሮ

«አባት፣ አብረዎት የተዋጉ ሦስት ምስክሮች ይዘው ይምጡ» ተባለ አባቴ ዛሬ ጠዋት።

የቀድሞ ወታደር ነው። በጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ ማኅደሩ ላይ ግን «ሽልማት፦ የለም» ይላል። እሱን ለማስተካከል ነበር አምስት ኪሎ አካባቢ ማኅደሩ ወዳለበት ቢሮ ይዤው የሄድኩት።

ሜዳሊያውን ከኮቱ ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጸሐፊው በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ በሌላው ገለበጠውና፣ «ይሄንንማ ፒያሳ ወርቅ ቤትም ያሠሩታል» አለ።

(አንተንስ የት ነው ያሠሩህ ልለው ስል አባባ እጄን ጨመቀኝ።)

«ልጄ» አለው አባባ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «የሸለሙኝ እኮ ጓዶቼ ሁሉ አልቀው ምሽጉን ብቻዬን ስለያዝኩ ነው።»

ጸሐፊው አሰበ። ማሰቡ ራሱ ገረመኝ።

«እንግዲያው የሦስቱን የሞት የምስክር ወረቀት ያምጡ።»

አባባ ሜዳሊያውን አንስቶ ወጣ። በፒያሳ በኩል ስንመለስ፣ «እኔስ በእግሬ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ለሞቱት ጓዶቼ ማን ይጠይቅላቸዋል?» አለኝ።

እናንተስ ከመቃብር ምን አምጡ ተባላችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ሦስት ምስክር አልጠይቅም።