ወንድሜ ሲጠብቀው የነበረው ፊልም

ወንድሜ ያንን ፊልም ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቆታል። ፊልሙ ሲወጣ ግን እሱ ቤት አልነበረም። በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ ፈተና ሐዋሳ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከሞያሌ ደወለልኝና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄደ መሆኑን ነገረኝ።

«ለአባዬ አንቺ ንገሪው» አለኝ። «እኔ ብነግረው ድምፁን ስሰማ እመለሳለሁ።»

ነገርኩት። ከዚያን ቀን በኋላ የወንድሜ ስልክ አልሠራም።

እሱ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። በባዮሎጂ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጎ አጥቷል። እኔ አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምመዘግብ ሠራተኛ ነኝ። አባታችን በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ጋሞ ደጋ ላይ ካምባ ውስጥ ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ፣ በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውሮ እዚሁ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እናታችን ከእሱ ጋር መጥታ ከእሱ ጋር የቀረች ሴት ናት።

በመጀመሪያው ወር አለቀስኩ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ማልቀሱ ጠፍቶብኝ ነበር። እበላለሁ፣ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ጥርሴን ሊነቅሉልኝ የማደንዘዣ መርፌ የወጉኝ ጊዜ፣ ከንፈሬን ስነካው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለኝ ነበር። ሁሉ ነገር እንደዚያ ሆነ። ጎረቤቶች በየቀኑ እየመጡ «ወሬ አለ ወይ?» ሲሉ ሰነበቱና እነሱም መጠየቁን ተዉት።

የካቲት ውስጥ አንድ ዓርብ አባዬ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ተመልሶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ያ ፊልም ወጥቷል» አለኝ።

«የትኛው ፊልም?»

«ያ የጃፓኖቹ ነዋ። የሚዋጉት። ሚኒባስ ውስጥ ተማሪዎቹ ሌላ ወሬ የላቸውም።»

ፊልሙን እኔም ሰምቼ ነበር። ቢሮ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ነበር የሚያወሩት፤ አንዷ ሦስት ጊዜ አይታው ሦስቴም አልቅሳለች። አባዬ ግን እንዲህ ያለ ነገር ወዶ አያውቅም። «ዲግሪ ይዘህ የሕፃን ካርቱን?» ይለው ነበር ወንድሜን። ወንድሜ ደግሞ «ካርቱን አይደለም አባዬ፣ አኒሜ ነው» ይለዋል፤ አባዬም «ልዩነቱን በእንግሊዝኛ አስረዳኝ» ይላል።

«አምጪው እስቲ» አለኝ። «ምን እንደሆነ ልየው።»

በማግስቱ ጠዋት ሲቀላ ወረድኩ። ወንድሜ ፊልም የሚያስጭንበትን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በር ላይ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለሱቁ ገና ፍላሼን ሳወጣ አወቀኝ።

«እህቱ ነሽ አይደል?» አለ። «ደረሰ?»

«አዎ፣ ደርሷል» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። መልሱ አጭር ስለሆነ ይመስለኛል።

«እሰይ! ለእሱ ጥሩውን ኮፒ አስቀምጬለት ነበር። ለአንቺ በአማርኛ የተተረከውን ልጫንልሽ?»

«እሱ የሚያየውን አይነት ጫንልኝ።»

«እሱማ ከስር እየተጻፈ ነው የሚያየው።» ፍላሹን ሲመልስልኝ ሳቀ። «ሶፍት ያዢ። ይሄን አይቶ ያላለቀሰ የለም።»

ወንድሜ ትቶት የሄደው ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አስጠግተን፣ ከሙቀቱ የተነሳ በሩን ከፍተን ከአባዬ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እናቴ «እኔ አላይም» ብላ ጓዳ ገባች።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ወጣት መምህሩን የገደለበትን ሰው ፍለጋ ደመና ላይ ወደተሠራ ከተማ ይወጣል። ከተማዋ ድልድዮች አሏት፤ በየድልድዩ አንድ ጠላት ቆሞ ይጠብቀዋል።

«መምህሩን ነው የገደሉበት?» አለ አባዬ መነጽሩን እያስተካከለ።

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም።»

ከስር የሚመጣውን እንግሊዝኛ ቃል በቃል ነበር የሚያነበው። ስላልደረሰበት በየደቂቃው «አቁሚው» ይለኛል፤ አቆመዋለሁ። «ይሄ ግሥ ተሳስቷል» ይላል፤ እቀጥላለሁ። በዚህ አካሄድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ድልድይ ብቻ አለፍን።

እውነቱን ለመናገር አሣሣሉ ድንቅ ነው። ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ አለ፤ ጠብታው ድልድዩ ላይ ወድቆ ሲበተን ውኃው ፊቴ ላይ የደረሰ መሰለኝ። ሰይፉ ሲወዛወዝ አየሩ አብሮ ይቀደዳል። ለዚህ ለዚህ ሰው ቢሰለፍለት አልፈርድም። ግን ልጁ መዋጋት ሲጀምር ያወራል። ተመትቶ ሲወድቅ ያወራል። ሲነሳ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ ጠላቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። የሚያለቅሱት ደግሞ አፋቸውን ከፍተው፣ እየጮኹ፣ ለረጅም ጊዜ ነው። እኔ ያንን ሳይ እንባ ሳይሆን ድካም ነው የመጣብኝ። እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ እንባ ከየት ነው የሚያመጡት አልኩ በሆዴ። ሶፍቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተጣጠፈ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ሁለተኛው ድልድይ ላይ ደረስን። እዚያ ያለው ጠላት ከሁሉም ጨካኝ ነው፤ ልጁ በመጨረሻ ሲያሸንፈው ግን ፊልሙ ውጊያውን ትቶ የጠላትየውን ልጅነት ማሳየት ጀመረ። ትንሽ ልጅ ነው፤ እናቱ ድሃ ናት፤ ክረምት ነው። እናትየው ለእሱ ሾርባ ቀድታ እሷ ባዶ ሳህን ይዛ የምትበላ ታስመስላለች።

«አሁን ይሄ ምን ይሠራል?» አልኩ። «ስንት ሰው የፈጀ ሰው ነው። ሊሞት ሲል እናቱን አምጥተው እንድናዝንለት ይፈልጋሉ?»

«እናት ነበረችው ማለት ነው» አለ አባዬ።

«ሁሉም ሰው እናት አለው።»

«እሱን ነው የሚሉት።»

«ማታለል ነው አባዬ። እንባ ለማስመጣት ብለው ነው።»

«አንቺ ግን አላለቀስሽም፤ ታዲያ ማንን አታለሉ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። ከጥቅምት ወዲህ ስለ አንድ ነገር ስንከራከር ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ድምፃችን ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ላፕቶፑን አየች። የማይገባትን ቋንቋ እየሰማች፣ የማታውቀውን ሰው ታሪክ፣ ያቺን ሴት ብቻ አየች።

«ይቺ ሴትዮ እኮ እህል አልቀመሰችም» አለች።

 ቀጥላ «ዝጉት» አለች። ዘጋሁት።

የቀረውን ሰኞ ከሥራ እንደተመለስኩ እናቴ ጎረቤት ሄዳ ሳለች ጨረስነው። ጨረስነው ማለት እንኳ አይቻልም። ልጁ ሦስተኛው ድልድይ ላይ ደርሶ፣ ገዳዩ ፊቱን ሲያዞር ስክሪኑ ጠቆረና ዘፈን መጣ።

«ምን ሆነ? መብራት ሄደ?»

«አልቋል። ቀሪው ሌላ ፊልም ነው፣ ገና አልተሠራም።»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። «ሦስት ቀን አስቀምጠውኝ ሰውዬውን ሳያገኘው?» አለ። ተቆጥቷል ብዬ ሳቅኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን መሳቄን አቆምኩ። ተነስቶ ግቢ ወጣና ማንጎው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጥቼ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ላፕቶፑን ከሶኬቱ ነቅዬ ሽቦውን ጠቀለልኩ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በማላውቀው ቁጥር ስልኬ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። ወንድሜ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ታንዛኒያ ድንበር ላይ ተይዘው ሦስት ወር ታስረው ነበር። ሁለቱ ጓደኞቹ መንገዱን ቀጥለዋል። እሱ ግን አሞት ናይሮቢ ተመልሶ አንድ የሀገሩ ልጅ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ነው። ወደፊት ይሂድ ወደኋላ ይመለስ ገና አልወሰነም። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አዳመጥኩት፤ እንደ ደብዳቤ መዘገብኩት ማለት ይቀላል። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። እሷ «የት ነው የምትተኛው? ብርድ ልብስ አለህ?» ብቻ አለችና እንባዋ ስላላናገራት ለአባዬ አቀበለችው።

አባዬ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።  አፉ ጋ አስጠግቶ፣

«ፊልምህን አየነው» አለ።

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ወንድሜን ሁላችንም ሰማነው። «እውነት? አባዬ አንተ አየኸው? እንዴት ነው?»

«ግማሹ ጥሩ ነው። ግማሹ ወሬ ነው።»

ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ። «እኔ ገና አላየሁትም፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ!»

«መጨረሻ የለውም» አለ አባዬ፤ እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ማልቀሱን ልጁ እንዳይሰማ ስልኩን ለእኔ መለሰልኝ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ሁሉም ተነስተው ሳሙኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉኝ። «አብሮ ደስ ይበለን» አልኩ። ያቺ ሦስቴ ያለቀሰችው ልጅ አቅፋኝ እንደገና አለቀሰች፤ እኔ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግኩ አባበልኳት።

በዚያ ሳምንት እናቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ጀመረች፤ ለወራት ቀን ተኝታ አታውቅም ነበር። እሁድ እሷ ተኝታ ሳለ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ሰማሁ። ወንድሜ በሕይወት አለ አልኩ ለራሴ፣ ድምፄን አውጥቼ። እንደገና አልኩት። እንባው ይመጣ እንደሆነ ጠበቅኩ። ከሩቅ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፣ ሌላ ምንም የመጣ ነገር የለም። ተነስቼ ለሳምንቱ የሚሆኑ ልብሶቼን ዘፈዘፍኩ።