ከማጠጣትህ በፊት ቅመስ

ከድንበሩ ብዙም በማትርቀው ሸሕዲ ከተማ ካለው ቤቴ ጓሮ የዘራሁትን ባሚያ አንድ ጠዋት ተጣሞ አገኘሁት። አልደረቀም፣ ተባይም አልበላውም። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ግንዱ እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠማዞ ነው የቆመው። ደነገጥኩ። ገበሬ ነኝ፣ ተክል ሲሞት ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተሰቃይቶ ሲሞት ግን አላየሁም።

ዘሩ ደግሞ የእኔ አልነበረም፤ የጎረቤቴ የሐጂ ነው። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ትተው ጓሯቸውን የያዙ ሽማግሌ ናቸው። የባሚያውን ዘር እናታቸው ከድንበሩ ማዶ አምጥተውት፣ እሳቸው በየዓመቱ እየዘሩ ያቆዩት ነው። ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ምትክ አይገኝለትም። ካላቸው ላይ ግማሹን በእፍኛቸው ዘግነው ሰጡኝ።

ከዘሩ ጋር ምክርም ሰጥተውኝ ነበር። “መሬቱን ራቁቱን አትተወው። እሳት አታስነካው። ከማጠጣትህ በፊት ደግሞ ውሃውን ራስህ ቅመስ። አንተ የማትጠጣውን ለሱ አትስጠው፣ እሱም የአላህ ፍጡር ነው።”

ሁለቱን ወዲያው ተቀበልኩ። በሽንፋ በኩል ባለው የሰሊጥና የማሽላ እርሻዬ ላይ አገዳ እያቃጠልኩ ስንት ዓመት መሬቱን አመድ እንዳደረግሁት አውቃለሁና። ማቃጠል አቆምኩ፤ ጓሮዬን በአገዳና በቅጠል ሸፈንኩ፤ ከመዝራቴ በፊትም በአፈሩ ላይ አማተብኩ። ሦስተኛው ምክር ግን አሳቀኝ። “ሐጂ፣ እኔ ባሚያ ነኝ እንዴ?” ብዬ ቀለድኩባቸው።

እንዲያውም የራሴን ሕግ ጨመርኩበት፦ ምንም ነገር አይጣልም። ልጣጩም፣ ፍጉም፣ አመዱም፣ ያረጀው ጆንያም ሁሉ አገልግሎ ወደ መሬት ይመለሳል። እርሻው ላይ ወዳለው የሠራተኞች ካምፕ በሄድኩ ቁጥር ሠራተኞቼን ሰብስቤ ይህንኑ እሰብካለሁ። ትራክተር ነጂዬ “እርስዎስ ቆብ ብቻ ነው የቀረዎት” እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ያን ጠዋት ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ሊያቃኑት ሞከሩ። ተመልሶ ተጠቀለለ።

“ውሃ ከየት ነው የምታጠጣው?”

ጥጉ ላይ የቆመውን ሰማያዊ በርሜል አሳየኋቸው።

“ምን ነበረበት?”

“የአረም መድኃኒት። ግን በአመድም በሳሙናም ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።”

ይህን ስል ትንሽ እንኳ አላፈርኩም። በእኛ ቆላ ውሃ የሚይዝ ዕቃ አይጣልም፤ ሁሉም አጥቦ ይጠቀምበታል። ሐጂ ክዳኑን ከፈቱና “ና አሽት” አሉኝ። ጠዋትም ቢሆን የጥቅምት ፀሐይ በርሜሉን አግሎታል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ማሽላው ላይ መድኃኒት በሚረጭበት ሰሞን እርሻው ላይ የሚውለው ያው ሽታ ነው።

ስለ ዘሩ ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ። አላዳመጡኝም።

“በርሜሉ ይህ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?”

ሌላም አለ። ሁለቱን አንድ ቀን ነው ያጠብኳቸው። ሁለተኛውን የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ወደ ካምፕ ልኬዋለሁ፣ ሠራተኞቹ የሚጠጡት ውሃ እንዲጠራቀምበት።

“ወላሂ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ እንጂ!” ብለው በከዘራቸው ገፉኝ።

ሞተር ይዤ በረርኩ። መንገዱን ሁሉ የሰማሁትና ያልሰማሁት ይመላለስብኝ ጀመር። ሠራተኞቹ ውሃው ይሸታል ብለው በስልክ ነግረውኛል፤ “የቆላ ውሃ ነው፣ ትለምዱታላችሁ” ብያለሁ። ራሳችንን አመመን፣ አስመለሰን ብለውኛል፤ ወባ ነው ብዬ ክኒን ልኬላቸዋለሁ። ለአንድ መደብ ባሚያ ጠዋት እንደዚያ የደነገጥኩ ሰው፣ ለእነሱ አንድ ቀን እንኳ አልደነገጥኩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስደርስ አጫጆቹ ዛፍ ሥር ምሳ ላይ ነበሩ። ከጎጃም የመጡ አንድ ጎልማሳ እንዳዩኝ ብድግ አሉ። “ኧረ ደክሞዎታል! ውሃ ይጠጡ” ብለው ኩባያ አንስተው ከሰማያዊው በርሜል ቀዱና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

ጉሮሮዬ በአቧራ ደርቋል። ኩባያውን ግን አልተቀበልኩም።

“አልጠማኝም” አልኩ።

ሰውዬው ኩባያውን አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ።

“እርስዎ የማይጠጡት ነው እንዴ?”

ያኔ ነገርኳቸው። ምን እንደነበረበት፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደላከው፣ ምንም ሳልደብቅ። የታመሙት ሁሉ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፣ እኔው እወስዳችኋለሁ አልኩ። የሚሳደብ ጠብቄ ነበር፣ ማንም አልተሳደበም። አንዷ አብሳይ ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀመጠች።

ሰውዬው የያዙትን ኩባያ ሊደፉ ጎንበስ አሉ። ውሃው ሊፈስ ሲል ግን እጃቸውን ሰበሰቡና ቀና አሉ።

“መሬቱስ ምን አደረገ? የት ልድፋው?” አሉኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ስለ መሬት የሰበክኩላቸው እኔው ነኝ። እሳቸው ኩባያውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁኝ።